«ሁለተኛውንም ኦክስጅን ሴንሰር ልቀይር?» ለደሴው መምህር

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ደሴ የምኖር መምህር ነኝ። የ2003 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፤ ቤንዚን ናት። ከሁለት ወር በፊት ከወረኢሉ ስመለስ የጭስ ማውጫው ቱቦ ተሰነጠቀና መንገድ ላይ አስበየድኩት። በሳምንቱ የቼክ መብራት በራ። ጋራዥ በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0171 እና ፒ0136 የሚሉ ኮዶች ወጡ፤ ‹ኦክስጅን ሴንሰር ነው› ተብዬ የፊተኛውን አስቀየርኩ። በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። አሁን ‹ሁለተኛውንም ቀይር› እየተባልኩ ነው። ቤንዚን ትበላለች፤ ከኮምቦልቻ ሃረጎን ስወጣ ጉልበት ታጣለች፤ አልፎ አልፎም የኤቢኤስ መብራት ይበራል። ኢንጂነር፣ ልቀይር ወይስ ምን ይሻላል?»

መምህር፣ «ኢንጂነር» ያሉኝን ይተዉት፤ ኮምቦልቻ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሠራሁ ሰው ነኝ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ አይቀይሩ። ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩትና መጀመሪያ ያቺን ብየዳ እንያት።

ከጥያቄዎ ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው ኮዶቹ ናቸው። እንደ እርስዎ ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ላይ ከፒ0130 እስከ ፒ0135 ያሉት ኮዶች የፊተኛውን ሴንሰር ይመለከታሉ፤ ከፒ0136 እስከ ፒ0141 ያሉት ደግሞ የኋለኛውን። የፊተኛው ከካታሊስቱ በፊት፣ ማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት) አካባቢ ነው ያለው። የኋለኛው ከካታሊስቱ አልፎ ወለሉ ስር ነው። ካታሊስት የምለው ያንን በውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ያለበትን የጭስ ማጽጃ ነው። እንግዲህ የእርስዎ ኮድ 0136 ሆኖ ሳለ የተቀየረው የፊተኛው ነው። የተከሰሰው ሌላ፣ የታሰረው ሌላ! ፒ0171 ደግሞ ከነጭራሹ የሴንሰር ኮድ አይደለም። «ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል፤ እኔም ልጨምር የምችለውን ያህል ጨምሬ አልበቃኝም» የሚል የመኪናዋ ኮምፒውተር አቤቱታ ነው።

ሁለተኛው የያዘኝ ብየዳው ነው። መብራቱ የበራው ከብየዳው በሳምንቱ ነው ብለዋል፤ ሆኖም ጋራዡ ስለ ብየዳው ጠይቆዎት እንደሆነ አልጻፉም። እኔ ብሆን የምርመራ ማሽኑን ከመሰካቴ በፊት የምጠይቀው «በቅርቡ ማን ምን ነካባት?» ብዬ ነው። ላቫጆ ሞተሯን በግፊት ውሃ አጥቦ ይሆናል፤ ፊልትሮ ተቀይሮ ይሆናል፤ እንደ እርስዎ ተበይዳም ይሆናል። ከአሥር መኪና በብዙው ላይ ጣጣው የሚጀምረው ሰው እጁን ካስገባበት ቦታ ነው፤ የኔም እጅ ጭምር።

አሁን ብየዳውና 0171 እንዴት እንደሚገናኙ ልንገርዎት። ኦክስጅን ሴንሰር ቤንዚን አይለካም። ጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ብቻ ነው የሚያሸተው። ጫፉ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ ነው፤ ከ300 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይሠራም፤ በውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተቀመጠለትም ለዚህ ነው። ኦክስጅን ሲበዛበት ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል፤ ሲያንስበት ወደ 0.9 ይወጣል፤ መሐሉ 0.45 ነው። ኮምፒውተሩ 14.7 ኪሎ አየር ለ1 ኪሎ ቤንዚን የሚለውን ልክ ለመጠበቅ ይህን ወሬ እየሰማ ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

የጭስ ማውጫ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ እንደ ትንፋሽ ነው፤ ገፋ ያደርግና መለስ ይላል። ከፊተኛው ሴንሰር በፊት ወይም እዚያው አጠገቡ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ፣ መለስ በሚልበት ቅጽበት ከውጭ አየር ይሰርቃል። ሴንሰሩ ያንን የውጭ አየር አሽትቶ «ኦክስጅን ተርፏል» ይላል። ውሸት አልተናገረም። ኮምፒውተሩ ግን አየሩ ከየት እንደመጣ አያውቅምና ቤንዚን ይጨምራል። ደግሞም ይጨምራል። ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት እያለ ኮዱ «አንሷል» ይላል፤ እርስዎም ማደያ ላይ ከወትሮው በላይ ይከፍላሉ። አዲስ ሴንሰር ቢገባ ያንኑ አየር ያሸታል፤ ያንኑ ይናገራል። በአራተኛው ቀን የሆነውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ኮድ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ የተማረውን ሁሉ ይረሳል፤ ጥፋቱን እንደገና አይቶ፣ ብዙ ጊዜም በሁለት የተለያዩ ጉዞዎች አረጋግጦ ነው መብራቱን የሚያበራው። ሦስቱ ቀን የጤና ሳይሆን የምርመራ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስንጥቁ ከፊተኛው ሴንሰር በፊት፣ በሞተሩ በኩል፣ ወይም እዚያው አጠገቡ ከሆነ ነው። ብየዳው ወደ ማርሚታው (ከኋላ ወዳለው ድምፅ ማፈኛ) የቀረበ ከሆነ 0171ን አያመጣም፤ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። የት ጋ እንደተበየደ ስላልጻፉ በሁለቱም በኩል ልሂድ።

ፍተሻው ከአንድ ጆግ ውሃና ከአንድ እፍኝ ኦሞ አያልፍም። ጠዋት፣ የደሴ ብርድ ሳይለቅ፣ ሞተሯ ገና ቀዝቅዛ እያለ ኮፋኖውን ከፍተው ሰው ያስነሳልዎት። ጆሮዎን ወደ ማኒፎልዱ ያዙ። «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል፣ ነዳጅ ሲሰጥ የሚፈጥን ድምፅ ከሰሙና ከአምስት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከጠፋ፣ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ብረቱ ሲግል ይሰፋና ስንጥቁን ይደፍነዋል፤ ከሰዓት ጋራዥ ሲደርሱ ምንም የማይሰማው ለዚህ ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቱቦው ደህና አድርጎ ሲቀዘቅዝ፣ ብየዳው ላይና መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙናውን ውሃ ያፍስሱ። እንደገና ይነሣና ሌላ ሰው የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ አፈን ያድርግልዎት። አረፋ የሚነፋው ቦታ እሱ ነው። ከአረፋው በፊትም ቢሆን ስንጥቅ ራሱን ያጋልጣል፤ ዙሪያውን እንደ ምድጃ ጥላሸት ያጠቁረዋል።

ይህን በር ተዘግቶ ግቢ ውስጥ እንዳያደርጉት። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገርዎት፦ ወለል ስር የሚያፈስ ቱቦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ደሴ ላይ በክረምት መስኮት ዘግቶ፣ ማሞቂያ ከፍቶ ነው የሚነዳው። ልጆቹ ከኋላ ሆነው ራሳችንን አመመን፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለን ካሉ የመንገዱ ድካም ነው ብለው አይለፉት። ብየዳው እስኪታይ ድረስ መስኮት ገርበብ አድርገው ይንዱ።

ስንጥቅ ከተገኘ በደንብ ይበየድ፤ ሲበየድ ባትሪው ይነቀል። የመንገድ ላይ በያጅ ብዙ ጊዜ ባትሪ አይነቅልም፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ ደግሞ በአገኘው ሽቦ ነው የሚመለሰው። መጋጠሚያውን በሲሊኮን አይለቅልቁት። እኛ አገር ሲሊኮን ያልገባበት ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) የለም፤ ነገር ግን ተራው ሲሊኮን ሲግል የሚያወጣው ትነት ሴንሰሩ ጫፍ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አልብሶ ይገድለዋል። ሴንሰር ተፈትቶ ጫፉ ሲታይ ነጭ ከሆነ አንዱ የምጠረጥረው ሲሊኮንን ነው። ጥቁር ጥላሸት የቤንዚን ብዛት ነው፤ ቡናማና ቅባት ያለው ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

ስንጥቅ ካልተገኘስ? ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን ኮድ ብቻ ሳይሆን ቁጥር እንጠይቀዋለን። ፊውል ትሪም የሚባል ንባብ አለ፤ የቅርቡና የረጅሙ የሚባሉ ሁለት ናቸው። ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ይናገራል። በስልክ ብሉቱዝ የሚያያዘው ትንሹ ማንበቢያ ያሳየዋል፤ የጋራዡ ትልቅ ማሽን ግዴታ አይደለም። ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ አሥር በመቶ ያለው የጤና ነው። ሃያን አልፎ ወደ ሠላሳ ሲጠጋ 0171 ይመጣል። ሞተሯ ሞቃ እያለ አንዴ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ)፣ አንዴ በደቂቃ በ2,500 ዙር ይዩት። በሚኒሞ ትልቅ ሆኖ ዙሩ ሲጨምር ከወረደ፣ ከአየር መለኪያው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚለካው ሴንሰር) በኋላ አንድ ቦታ ቱቦ አየር እየሰረቀ ነው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ሸክም ሲበዛ ከጨመረ ደግሞ የቤንዚን ፓምፑ ደክሟል፣ ወይ የቤንዚን ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም የአየር መለኪያው አቧራ ለብሷል። የአየር መለኪያውን በጨርቅ አይንኩት፤ ለሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ነው የሚጸዳው።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልናገር። ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ግድም አንዲት እኅት ቪትስ ይዛ መጣች፤ ኮዱ ያው 0171። ሴንሰር አስገዛኋት፤ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣችው። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ካንዴላ ቀየርኩ፤ ተመለሰች። ጊቢ ውስጥ ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነው። በመጨረሻ አብሬያት ሃረጎን ወጣሁ፤ ማሽኑን ጭኔ ላይ አድርጌ። ዶሮ መዝለያ የሚባለው ቦታ ግድም ነዳጅ ስትረግጥ ቁጥሩ ዘሎ ወጣ። ተመልሰን ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የተሸበሸበ ጥቁር ጎማ ፈትቼ እንደ አኮርዲዮን ዘረጋሁት፤ በሽብሽቡ ስር፣ ከታች በኩል፣ ጥፍር የሚያስገባ ቅዳድ። ቆማ ሳለች ተከድኖ ጤነኛ ይመስላል። ዳገት ላይ ሞተሩ በመቀመጫው ላይ ሲንጋደድ ግን አፉን ይከፍታል። የሴንሰሩን ገንዘብ መለስኩላት፤ እኔ ጋ ያለው ሁሉም አልነበረም፣ በሁለት ጊዜ ነው የከፈልኳት። ስለዚህ የእርስዎንም ያንን ጎማ ዘርግተው ይዩልኝ።

ወደ 0136 እንመለስ። የኋለኛው ሴንሰር ዋና ሥራው ካታሊስቱን መጠበቅ ነው፤ ቤንዚኑን በዋናነት የሚያዘው የፊተኛው ነው። ስለዚህ በኋለኛው ምክንያት ብቻ መኪና ይህን ያህል ቤንዚን አትበላም፤ «ሁለተኛውን ቀይርና ፍጆታው ይስተካከላል» ካሉዎት አይመኑ። የእርስዎ 0136 ከብየዳው ጋር አብሮ መምጣቱ ሽቦውን ያስጠረጥረኛል። ብልጭታ ወድቆበት ቀልጦ፣ ቱቦው ሲጎተት ተወጥሮ ወይም ከማሰሪያው ወጥቶ የጋለው ብረት ላይ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቶዮታዎች ይህ ሽቦ በወለሉ ቀዳዳ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባና ሶኬቱ ከምንጣፉ ስር ነው የሚገኘው፤ ከታች ብቻ አይቶ «ሽቦው ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

አራት ሽቦ አለው። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው። ሶኬቱን ነቅለው በሴንሰሩ በኩል በእነዚህ በሁለቱ መካከል በቴስተር ኦም ይለኩ። ቀዝቃዛና ጤነኛ ማሞቂያ እንደ ሥሪቱ ከጥቂት ኦም እስከ ሃያ ግድም ያሳያል። ምንም ካላሳየ ማሞቂያው ተበጥሷል፤ ያን ጊዜ ሴንሰሩ በርግጥ ሞቷል፣ ይቀየር። ካሳየ ደግሞ ሞተሩ ተነሥቶ በመኪናዋ በኩል ወደ ሶኬቱ የሚመጣው 12 ቮልት መኖሩን ይዩ፤ ከሌለ ፊውዙን ያስቀድሙ። ሁሉም ደህና ከሆነ ሶኬቱን መልሰው ምልክቱን በማሽኑ ይመልከቱ። ካታሊስቱ ጤነኛ በሆነ መኪና ላይ የኋለኛው ሴንሰር ሲሞቅ 0.6 እና 0.7 አካባቢ ረጋ ብሎ ይቆማል። የሽቦ ብልሽት ከሆነ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ አንድ ቁጥር ላይ ደርቆ ይቀራል፤ ሽቦውን በእጅ ሲነቀንቁት ይዘላል። ከሴንሰሩ እስከ ሶኬቱ ያለው ሽቦ ተበጥሶ ከሆነ በቀለጠ ቆርቆሮ አይበየድ፤ ብዙ ሴንሰር ከውጭ የሚተነፍሰው በሽቦው ውስጥ ባለው ክፍተት ነው። በመጭመቂያ ይቀጠል።

አሮጌውን የፊተኛ ሴንሰርዎን ጋራዡ ሰጥቶዎታል? ካልሰጠዎት ዛሬውኑ ሄደው ይጠይቁ። ሳይበላሽ ተፈትቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡ አንዳንድ ቶዮታዎች ፊት ላይ ያለው ተራው ሴንሰር ሳይሆን ኤር ፊውል ሬሾ የሚሉት ሌላ ዓይነት ነው። ሁለቱ በመልክ መንታ ናቸው፤ ጥርሳቸውም በአንድ በቁጥር 22 ቁልፍ ይፈታል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ኮምፒውተሩ የማያውቀውን ቋንቋ ይሰማል። መለያው አንገቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የማሞቂያው ኦም ነው። አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አድርገው ያወዳድሩ። ቁጥሩ ካልገጠመና አሮጌው ማሞቂያው ደህና ከሆነ አሮጌውን መልሰው ያስገቡ። የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ነጋዴ «ለሁሉም ቶዮታ ይሆናል» ሲል ሶኬቱን ነው የሚያይልዎት።

ስለ ጉልበቷ ማጣት ደግሞ ግማሹ ጥፋት የእርሷ አይደለም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ናት፤ ደሴ 2,500 ግድም። ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ስር ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበቱን አየሩ ይወስድበታል፤ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ደሴ ላይ 75 ግድም ነው። የእርስዎ መኪና አየሩን መዝና ቤንዚኑን ታስተካክላለች። የድሮዎቹ ባለ ካርቡራተር ዲኤክሶች ይህን ስለማያውቁ ሃረጎን ሲወጡ ጥቁር ጭስ ይተፉ ነበር፤ ደግሞም ኦክስጅን ሴንሰር የሚባል ጣጣ አልነበረባቸውም። እንግዲህ መለኪያዎ ካለፈው ዓመት ጋር ነው፦ ያኔ በሦስተኛ የወጡትን ዳገት ዘንድሮ በሁለተኛ ከሆነ ችግር አለ። ያኔም በሁለተኛ ከነበረ ተራራው ነው።

ኤቢኤሱ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው፣ ሌላ ቤት ነው፤ የራሱ ኮምፒውተር አለው። ከኦክስጅን ሴንሰር ጋር አያገናኙት፤ ተራው ርካሽ ማንበቢያም ላያነበው ይችላል። አልፎ አልፎ በርቶ እንደገና ሲነሣ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአንድ ጎማ የፍጥነት ሴንሰር ነው፤ ጭቃ ይዞት፣ ሽቦው ተፈትጎ ወይም ኩሽኔታው ላልቶ። ሲ0200 የቀኝ ፊት፣ ሲ0205 የግራ ፊት፣ ሲ0210 የቀኝ ኋላ፣ ሲ0215 የግራ ኋላ ነው። ዲናሞውንም ያስለኩ፤ ሞተሩ ተነሥቶ ባትሪው ላይ ከ13.5 ቮልት በታች ከሆነ መብራቶች ያለ ምክንያት ይበራሉ። ቢጫው ኤቢኤስ ብቻውን ከሆነ ፍሬንዎ አለ፣ ቀስ ብለው ይንዱ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮት ከበራ ግን ሃረጎን ቁልቁል እንዳይወርዱ፤ ቆመው የፍሬን ዘይቱን ይዩ። የቼክ መብራቱም ቢሆን ቆሞ ሲበራ ጋራዥ እስኪደርሱ ያደርስዎታል፤ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞተሩ ሚስ እያደረገ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ እየገባ ነውና እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ፤ ዳር ይያዙ።

አንድ ምክር ይሰጡዎታል፤ «ካታሊስቱን አስቦርብረው፣ ትተነፍሳለች» ይሉዎታል። እሺ አይበሉ። ተደፍኖ መሆኑ ሳይለካ የተቦረቦረ ካታሊስት ፒ0420 የሚል፣ «ካታሊስቱ አልሠራም» የሚል አዲስ ኮድ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ያን ጊዜ የኋለኛው ሴንሰር ባላጠፋው ነገር ሦስተኛ ጊዜ ይከሰሳል።

ቅደም ተከተሉ እንግዲህ ብየዳው፣ የተሸበሸበው የአየር ጎማ፣ ከምንጣፉ ስር ያለው ሶኬት ነው። ብየዳው ከተስተካከለ በኋላ ኮዱን አሰርዘው ሁለት ሦስት ቀን ይንዷት፤ ኮምቦልቻ ደርሰው ሲመለሱም ሰው አብሮዎት ይሂድና የረጅሙን ትሪም ሦስት ቦታ ይመዝግብልዎት፦ ከኮምቦልቻ ሲነሡ በሚኒሞ፣ ሃረጎ ላይ ነዳጅ ተረግጦ፣ ደሴ ሸዋ በር ሲደርሱ እንደገና በሚኒሞ። ሦስቱን ቁጥርና ብየዳው ከፊተኛው ሴንሰር ስንት ስንዝር እንደሚርቅ ጻፉልኝ።